የዲአርሲ ስህተት ሲከመር፦ ሌይአውቱን ማስተካከል፣ ደንቡን መቀየር ወይስ ማለፍ?

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነበር። የኤሌክትሮኒክስ ሰርኪት ቦርድ ሥዕሌን ፋይል በጠዋት ለፋብሪካው ካልላክሁ ቦርዶቹ ከቻይና ለሚመለሰው ወዳጄ አይደርሱለትም። ዲአርሲውን፣ ማለትም ሥዕሉ ደንቡን መጠበቁን የሚያጣራውን ፍተሻ፣ አስነሳሁት። 212 መስመር ዘረገፈ። የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ያህል አየኋቸው፤ ሁሉም ሲልክስክሪኑ (ቦርዱ ላይ የሚታተመው ጽሑፍና ምልክት) ፓድ (ዕቃ የሚበየድበትን መዳብ) ነካ የሚሉ ናቸው። «ይሄማ ምን አለው» ብዬ መስኮቱን ዘጋሁትና ገርበሩን፣ ፋብሪካው የሚሠራበትን ፋይል፣ ላክሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አምስት የሚያማምሩ አረንጓዴ ቦርዶች እጄ ገቡ። አንዳቸውም አልበሩም። የቮልቴጅ ሬጉሌተሩ የግራውንድ እግር ከምንም ጋር አልተገናኘም። ዙሪያውን በትሬስ (በቀጭን የመዳብ መስመር) ስለታጠረ የግራውንዱ መዳብ ሊደርስበት አልቻለም። ዲአርሲው ነግሮኝ ነበር እኮ! ያልተገናኙ ነጥቦች በሚዘረዘሩበት ሌላ ትር ላይ አንዲት መስመር ቁጭ ብላ ነበር። ትሩን አልከፈትኩትም። አምስቱንም በቀጭን ሽቦ ጠጋግኜ አስነሳኋቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይሏል ይሄ ነው።

ዲአርሲ የንድፍ ደንብ ፍተሻ ነው። ፕሮግራሙ እናንተ የሰጣችሁትን ቁጥር ከሣላችሁት ነገር ጋር ያስተያያል፤ ከዚያ ያለፈ አያውቅም። ስለዚህ ቀይ ምልክት ባወጣ ቁጥር ከሁለት አንዱ ተሳስቷል፦ ወይ ሥዕሉ፣ ወይ ቁጥሩ። የትኛው እንደሆነ ሳይለዩ ምልክቱን ለማጥፋት መሮጥ ነው ጣጣ የሚያመጣው። ምልክቱን የማጥፊያ መንገዶች አምስት ናቸው። ከታች አንድ በአንድ እንመዝናቸዋለን። ምሳሌዎቼ በብዛት ኪካድ ከተባለው የቦርድ መሣያ ፕሮግራም ናቸው፤ ስለሌሎቹ ፕሮግራሞች መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

መመዘኛው

አንድን ስህተት እንዴት ልፍታው ከማለታችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ።

ፋብሪካው ሊሠራው ይችላል? ብዙዎቹ ርካሽ የባለ ሁለት ንብርብር ቦርድ አገልግሎቶች እስከ 0.127 ወይም 0.15 ሚሊ ሜትር ቀጭን ትሬስና ክፍተት ይሠራሉ። 0.127 ማለት 5 ሚል ነው፤ ሚል የኢንች አንድ ሺኛ ነው። ቤት ውስጥ በሌዘር ፕሪንተር አትማችሁ፣ በካውያ አስተላልፋችሁ፣ በፈሪክ ክሎራይድ የምታጥቡ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ከ0.4 በታች መውረድ ዕድልን መፈታተን ነው።

ስህተቱ ቢታለፍ ምን ይመጣል? የአንድ ፊደል ጭራ መቆረጥ፣ የቦርዱ አለመሥራትና ሰው በኤሌክትሪክ መያዝ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ፕሮግራሙ አይለያቸውም። እናንተ ናችሁ የምትለዩት።

መፍትሔው ሌላ ስህተት ይደብቃል? እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ለምን እንደሆነ ከላይ አንብባችኋል።

ስንት ያስወጣል? ትሬስ ማንቀሳቀስ ደቂቃ ነው። ቦርዱን ማስፋት ግን ገንዘብ ነው፤ በብዙ ፋብሪካዎች 100 በ100 ሚሊ ሜትር ሲታለፍ ዋጋው ዘሎ ይሄዳል። ከ0.3 ያነሰ የድሪል ቀዳዳም ብዙ ቦታ ተጨማሪ ያስከፍላል።

ከስድስት ወር በኋላስ ምክንያቱ ይገባኛል? ወይም ፋይሉን የሚረከበኝ ሰው?

ከመምረጥ በፊት ጥረጉ

ከአምስቱ መንገዶች አንዱን ሳትነኩ ግማሹ ዝርዝር ሊጠፋ ይችላል። አስር ደቂቃ አይፈጅም።

መጀመሪያ የመዳብ ሙሌቱን፣ ባዶውን ቦታ የሚሸፍነውን ሰፊ መዳብ፣ አድሱት። ትሬስ አንቀሳቅሳችሁ ሙሌቱን ካላደሳችሁ ዲአርሲው የትናንቱን መዳብ እያየ ነው የሚፈርደው። ኪካድ ላይ የ«ቢ» ቁልፍ ናት። የዲአርሲው መስኮት ላይም ከፍተሻው በፊት አድስ የሚል ሳጥን አለ፤ እሱን ምልክት አድርጉበት።

ከዚያ ያልተገናኙትን ትር ክፈቱ። በቃ፣ መጀመሪያ እሱን። ከሰርኪት ሥዕሉ ጋር አመሳክር የሚለውንም አብሩት። ሥዕሉ ላይ የተቀየረ ሬዚስተር ቦርዱ ላይ ሳይቀየር ሲቀር የሚያሳብቅላችሁ እሱ ነው።

ሦስተኛው መለኪያውን ማየት ነው። ፋብሪካው 6 ሚል ይላል፤ ፕሮግራሙ በሚሊ ሜትር ነው፤ ሰው 6 ብሎ ይጽፋል። ቦርዱ በሙሉ ቀይ ለበሰ! 6 ሚል 0.152 ሚሊ ሜትር ነው። ሳቃችሁ? እኔ ሁለት ጊዜ አድርጌዋለሁ።

በመጨረሻ ዝርዝሩን በዓይነት ሰብስቡ። አንድ ዓረፍተ ነገር አርባ ጊዜ ከተደገመ አርባ ችግር የለባችሁም፤ አንድ ነው ያለው።

መንገድ 1፦ ሌይአውቱን ማስተካከል

ሌይአውቱ ማለት ቦርዱ ላይ የሣላችሁት ነው። ነባሪው ምርጫ ይሄ ይሁን። ሁለት ኔት (ሁለት የተለያየ የኤሌክትሪክ መስመር) ሲነካካ፣ ትሬስ መንገድ ላይ ተቋርጦ ሲቀር፣ መዳብ ወደ ቦርዱ ጠርዝ ሲጠጋ ክርክር የለውም። አንቀሳቅሱት።

የቪያ፣ ማለትም የቦርዱን ሁለት ገጾች የሚያገናኘው ቀዳዳ፣ የመዳብ ቀለበትም እዚህ ይመደባል። የተለመደው ቪያ ውጩ 0.6፣ ቀዳዳው 0.3 ነው። በዙሪያው 0.15 መዳብ ይቀራል። ቀዳዳውን ወደ 0.4 አስፍታችሁ ውጩን ከረሳችሁት ቀለበቱ ወደ 0.1 ይወርዳል። ድሪሉ ትንሽ ሲንሸራተት ቀለበቱ ይቆረጣል። እዚህ ደንቡን ዝቅ ማድረግ ራስን ማታለል ነው፤ ድሪሉ የእናንተን ደንብ አያነብም።

ሰው ቶሎ የሚሰለቸው የሙቀት መከላከያ ድልድይ ስህተት ነው። አንድ ፓድ ከግራውንድ ሙሌት ጋር በቀጫጭን ድልድዮች ይያያዛል። ኪካድ በነባሪ ቢያንስ ሁለት ድልድይ ይጠብቃል፤ ጎረቤት ትሬስ መንገድ ሲዘጋ አንድ ብቻ ይቀርና ይጮኻል። አንዳንዱ ፓዱን በሙሉ መዳብ አያይዞ ይገላገላል። ስህተቱ ይጠፋል። ከዚያ ብየዳው ላይ ቁጭ ስትሉ ሙቀቱ በሙሉ ወደ መዳቡ ይሸሻል፤ በተለይ ደካማ የእጅ ብየዳ ይዛችሁ ከሆነ ቆርቆሮው አልቀልጥም ይላል። ጎረቤቱን ትሬስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገፋ ማድረግ ይሻላል።

አንዳንዴ የሚስተካከለው ሌይአውቱ ሳይሆን ፉትፕሪንቱ (የአንድ ዕቃ ፓዶች አቀማመጥ) ነው። ከኢንተርኔት የወረደ ፉትፕሪንት ፓዶቹ ሰፍተው እርስ በርስ ሊጠጉ ይችላሉ። ከዳታሺቱ፣ ከአምራቹ የመረጃ ሰነድ፣ ጋር አስተያዩት። ቦርዱ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ላይብረሪው ውስጥ ያለውንም አስተካክሉ፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ፕሮጀክት ያው ስህተት ይጠብቃችኋል።

ሌላም አለ። የአናሎግና የዲጂታል ግራውንድን ሆን ብላችሁ አንድ ቦታ ላይ ስታገናኙ ፕሮግራሙ ሾርት ነው ይላል። ልክ ነው፤ ሁለት ስም ያላቸው ኔቶች ተነካክተዋል። ሾርቱን ከማለፍ ይልቅ ኔት ታይ የሚባለውን ክፍል ሰርኪቱ ላይ አስገቡ። ፕሮግራሙ መገናኘታቸው የታሰበበት መሆኑን ያውቃል፤ ሌላ ቦታ በስህተት ቢነካኩ ግን አሁንም ይጮኻል።

መንገድ 2፦ ደንቡን ለመላው ቦርድ መቀየር

ይሄ መንገድ ስሙ የጠፋው ያለ ኃጢአቱ ነው። ብዙ ጊዜ ትክክለኛው እሱ ነው።

48 እግር ያለውን አራት ማዕዘን ማይክሮኮንትሮለር ውሰዱ፤ ኤልኪውኤፍፒ-48 የሚሉትን። እግሮቹ ከመሃል እስከ መሃል 0.5 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ። ፓዱ 0.3 ስፋት ካለው በመሃል የሚቀረው 0.2 ነው። እናንተ ለጥንቃቄ ብላችሁ ክፍተቱን 0.25 አድርጋችኋል። በእያንዳንዱ ጎን 12 ፓድ፣ 11 ክፍተት። አራት ጎን። እስከ 44 ስህተት ከአንዲት ቺፕ! እናንተ ገና አንድ ትሬስ አልሣላችሁም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ጥፋቱ የቁጥሩ ሆኖ ሳለ ሰው ሌይአውቱን ሲያሰቃይ ያድራል።

ፋብሪካው 0.127 ወይም 0.15 እሠራለሁ ካለ ደንቡን ወደ 0.2 አውርዱ። 44ቱም ባንዴ ይጠፋሉ፤ ምንም አልደበቃችሁም።

ልዩነቱ ቁጥሩ ከየት መጣ የሚለው ላይ ነው። ከፋብሪካው የአቅም ገጽ ከመጣ ጥሩ። «0.2 ሳደርገው አሁንም ሦስት ስህተት አለ፣ 0.19 ላድርገው፣ 0.18...» እያላችሁ ከወረዳችሁ ግን ደንቡ የእናንተን ሥዕል እየተከተለ ነው፤ ፈታኙ የተማሪውን መልስ እያየ መልስ ቁልፉን እንደማስተካከል ማለት ነው።

እስከ ፋብሪካው የመጨረሻ ወሰን መውረድም አልወድም። 0.127 ይችላሉ ማለት ቦርዱን በሙሉ በ0.127 ሣሉ ማለት አይደለም። ሰፊ ቦታ ካለ 0.2 አድርጉት። ወፍራም መዳብ፣ ማለትም 2 አውንስ ስታዝዙ ደግሞ ወሰኑ ከፍ ይላል፤ ለ1 አውንስ ያዘጋጃችሁትን ደንብ ይዛችሁ እንዳትሄዱ።

መንገድ 3፦ የተለየ ደንብ ለተለየ ቦታ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው በብዛት የሚሳሳተውም የሚጎዳውም እዚህ ስለሆነ።

አምፖል ወይም የውኃ ፓምፕ የሚያበራ የሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ቦርድ እየሠራችሁ ነው እንበል። በአንድ ወገን ባለ 5 ቮልት ማይክሮኮንትሮለር፣ በሌላው የግድግዳው 220 ቮልት። 220 ብንለውም ጫፉ 311 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ሰው የሚነካው ወገንና የግድግዳው ወገን በደንብ መራራቅ አለባቸው። ትክክለኛውን ቁጥር የሚሰጠው ዕቃው የሚመዘንበት የደህንነት ስታንዳርድ ነው። ብዙ ዲዛይነር በጥቅሉ የሚይዘው ግን 6 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ነው።

እሺ፣ ኔት ክላስ፣ ማለትም አንድ ደንብ የሚጋሩ ኔቶች ምድብ፣ ትከፍታላችሁ። «ግድግዳ» ብላችሁ ትሰይሙታላችሁ። ፌዙንና ኒውትራሉን እዚያ ታስገባላችሁ፤ ክፍተቱን 6 ታደርጋላችሁ። ኪካድ ሁለት የተለያየ ክላስ ያላቸው ነገሮች ሲጠጋጉ ትልቁን ቁጥር ስለሚወስድ ነገሩ ያለቀ ይመስላል።

ዲአርሲ ታስነሳላችሁ። የሽቦ ማሰሪያው ተርሚናል ቀይ ሆኗል። ለምን? የእግሮቹ ርቀት 5.08 ሚሊ ሜትር ነው። ፓዱ 2.4 ቢሆን በመሃል የሚቀረው 2.68 ነው። ክላሱ 6 ካለ ፌዝና ኒውትራልም እርስ በርስ 6 መራቅ አለባቸው ማለት ነው። ተርሚናሉ ደግሞ የፋብሪካ ዕቃ ነው፤ እግሩን አትዘረጉትም።

የብዙ ሰው እጅ እዚህ ላይ ነው የሚንሸራተተው። ክላሱን ወደ 2.5 ያወርደዋል። ተርሚናሉ ዝም አለ። ግን ከ5 ቮልቱ ወገን የነበረውም 6 አብሮ ወደ 2.5 ወረደ። አንድ የ5 ቮልት ትሬስ ከፌዙ 2.6 ሚሊ ሜትር አጠገብ ብታልፍ ማንም አይናገርም። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ።

ትክክለኛው መፍትሔ ሁለት ደንብ ነው። ክላሱ ውስጥ፣ ግድግዳ ከግድግዳ ጋር፣ 2.5። ግድግዳ ከሌላ ከማንኛውም ኔት ጋር፣ 6። ኪካድ ከስሪት 6 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ደንብ በጽሑፍ መጻፍ ያስችላል። ሁለት ሦስት መስመር ነው። ስሙን «ግድግዳና ዝቅተኛ ቮልቴጅ» በሉት፤ ስህተት ሲወጣ የደንቡ ስም አብሮ ስለሚታይ የትኛው እንደተጣሰ ወዲያው ታውቃላችሁ።

አሁን እንደገና አስነሱት። ተርሚናሉ ጸጥ አለ። ሪሌው ግን ቀይ ነው! ያቺ ሁሉም ቤት ያለችው ትንሿ ሰማያዊ ሪሌ። እግሯን ገልብጣችሁ እዩት፦ የጋራው የኮንታክት እግር የተቀመጠው በሁለቱ የጥቅልል እግሮች መሃል ነው። ከመሃል እስከ መሃል 6.3 ሚሊ ሜትር አይሞላም። የአንዱን ፓድ ግማሽ 1.5፣ የሌላውን ግማሽ 1.25 ስትቀንሱ 3.5 ገደማ ይቀራል። 220 ቮልት ከ5 ቮልት የሚራራቀው ያችን ያህል ነው።

እዚህ ደንቡም ልክ ነው፤ ሥዕሉም እጃችሁ ላይ አይደለም። ዕቃው ነው። ምን ይደረግ? ፓዶቹን አነስ አድርጉ፤ በእግሮቹ መሃል ቦርዱን በስንጥቅ አስቆርጡ። ስንጥቅ በአየር የሚለካውን ርቀት አይጨምርም፤ በቦርዱ ወለል ላይ የሚለካውን ነው የሚያስረዝመው። አቧራና እርጥበት መንገድ የሚያበጁት ወለሉ ላይ ስለሆነ ያ ትንሽ ነገር አይደለም። ኪካድ 9 የወለሉን ርቀት ለብቻው የሚፈትሽ ደንብ አምጥቷል፤ ስንጥቁን ዞሮ ይለካል። ወይም ጥቅልሉ በአንድ ጫፍ፣ ኮንታክቱ በሌላው ጫፍ ወደሆነ ረዘም ያለ ሪሌ ቀይሩ። ለሰው የሚሸጥ ዕቃ ከሆነ እኔ ሪሌውን እቀይራለሁ፤ ጊዜ አላጠፋም።

ሌላው የዚህ መንገድ ጥቅም ለጠባብ ቦታ ነው። መላው ቦርድ 0.2 ሆኖ፣ አንዲት ጠባብ ቺፕ ሥር ብቻ 0.15 መፍቀድ ይቻላል። አካባቢውን ከልላችሁ ደንቡን ለዚያ ብቻ ትጽፋላችሁ። ለአንድ ጠባብ በር ሲባል የቤቱን አጥር በሙሉ ማፍረስ አያስፈልግም።

መንገድ 4፦ ስህተቱን አይቶ፣ ምክንያት ጽፎ ማለፍ

የዩኤስቢ ማገናኛ ከቦርዱ ጠርዝ ወጣ ማለት አለበት፤ አለበለዚያ ኬብሉ አይገባም። ዲአርሲው ግን ወደ ጠርዝ ተጠጋ ብሎ ይከሳል። ባለ ዋይፋይ ሞጁል አንቴናውን ከቦርዱ ውጭ አንጠልጥላችሁ ስትሰቅሉትም የሲልክስክሪኑ መስመር ከቦርዱ ወጣ ይላል። ደንቡ ልክ ነው፣ ሥዕሉም ልክ ነው፤ ጉዳዩ ልዩ ነው።

እንዲህ ሲሆን መስመሩን በቀኝ ጠቅ አድርጋችሁ ከፍተሻው ውጭ አድርጉት። ያንን አንዱን ብቻ። ማስታወሻ የሚያስጽፍ ፕሮግራም ከሆነ «ማገናኛው ሆን ተብሎ 1 ሚሊ ሜትር ወጥቷል» ብላችሁ ጻፉ። ማገናኛውን ካንቀሳቀሳችሁት ኪካድ ብዙውን ጊዜ ስህተቱን መልሶ ያመጣዋል። አትናደዱበት፤ ሁኔታው ሲቀየር እንደገና እዩት ማለቱ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። ለሞጁሉ አንቴና ተብሎ የተከለለ ክልል ውስጥ መዳብ ገባ ካላችሁ አትለፉት። ቦርዱ ይበራል፣ ዋይፋዩም ይሠራል፤ ግን ከሳሎን እስከ ጓዳ አይደርስም። ከዚያ ሰው ኮዱን ሲመረምር ይከርማል።

አስር ከሞሉ ቁሙ። አስር ጊዜ ልዩ የሆነ ጉዳይ ልዩ አይደለም። ወደ መንገድ 3 ሄዳችሁ ደንብ ጻፉለት።

መንገድ 5፦ ፍተሻውን ራሱ ማጥፋት

በዓይነት ደረጃ ነው የምታጠፉት፤ ሲልክስክሪንን በሙሉ፣ ወይም የክፍሎች መደራረብን በሙሉ። ፈጣን ነው። ለሲልክስክሪን ብዙም አይከፋም፤ ፋብሪካዎች ፓድ ላይ የወጣውን ቀለም ራሳቸው ይቆርጡታል። ያኔም ቢሆን ከማጥፋት ወደ ማስጠንቀቂያ ማውረድ ይሻላል። ዝርዝሩ ላይ ይቀራል፤ ከቀዩ ጋር ግን አይደባለቅም። እኔ ያኔ ይህቺን ብቻ ባውቅ አምስት ቦርድ በሽቦ አልጠግንም ነበር።

ለክፍተት፣ ለሾርት፣ ላልተገናኘ፣ ለቀዳዳ ግን በጭራሽ።

ባንድ ዕይታ

| መንገድ | የሚስማማው ለ | ጊዜና ወጪ | ሌላ ስህተት ይደብቃል? | ምክንያቱ ፋይሉ ውስጥ ይቀራል? |
|---|---|---|---|---|
| 1. ሌይአውቱን ማስተካከል | ሾርት፣ ያልተገናኘ፣ የቪያ ቀለበት፣ ጠርዝ | ከደቂቃ እስከ ቀናት፤ ቦርዱ ከሰፋ ገንዘብም | አይደብቅም | ማስረዳት አያስፈልገውም |
| 2. ደንቡን በሙሉ መቀየር | ከፋብሪካው አቅም ጋር ያልተስማማ ቁጥር | ሁለት ደቂቃ | ቁጥሩ ከፋብሪካው ካልመጣ አዎ | ቁጥሩ ብቻ ይቀራል |
| 3. የተለየ ደንብ | 220 ቮልት፣ ጠባብ ቺፕ | መጀመሪያ ግማሽ ቀን፣ ከዚያ ምንም | በጣም ትንሽ | በደንቡ ስም ይቀራል |
| 4. አይቶ ማለፍ | ጠርዝ ላይ የወጣ ማገናኛ፣ ሞጁል | በአንዱ አንድ ደቂቃ | ጥቂት ከሆነ አይደብቅም | ማስታወሻ ከተጻፈ |
| 5. ፍተሻውን ማጥፋት | የሲልክስክሪን ውበት ብቻ | አስር ሴኮንድ | አዎ፣ በብዛት | አይቀርም |

ለእናንተ የትኛው?

ቤት ውስጥ በኬሚካል የምታጥቡ ተማሪዎች ከሆናችሁ ከመንገድ 2 ጀምሩ፤ ግን ወደ ላይ። የፕሮግራሙ ነባሪ 0.2 ለእናንተ ጠባብ ነው። ትሬሱንም ክፍተቱንም 0.5 አድርጉት፣ ከዚያ ሣሉ። ብዙ ስህተት ይወጣል፤ በመንገድ 1 ፍቱት። መሻገሪያ ሲጠፋ ዜሮ ኦም ሬዚስተር ወይም ቁራጭ ሽቦ ድልድይ ይሆናል። በነጻ የተገኘ ስህተት ኬሚካሉ ውስጥ ገብቶ ከሚገኘው ይሻላል።

አምስት ቦርድ ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ የእናንተ ውድ ነገር ቦርዱ አይደለም፤ ማጓጓዣውና ጥበቃው ነው። ከመጀመሪያው ትሬስ በፊት የፋብሪካውን ቁጥሮች አስገቡ። ሲልክስክሪኑን ወደ ማስጠንቀቂያ አውርዱ። ቀዩ ዜሮ ካልሆነ አትላኩ፤ ያለፋችሁት ካለ በመንገድ 4 ማስታወሻ ተጽፎበት ይሁን።

220 ቮልት የሚነካ ቦርድ ከሆነ መንገድ 3 አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው። በጀት ቢጠብም ቅነሳው ከዚህ አይጀምርም። መንገድ 5ን ለዚህ ቦርድ እርሱት።

ለደንበኛ የምትሠሩ ወይም በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልጋችሁ የተጻፈ ምክንያት ነው። ከፋይሉ ጋር የዲአርሲ ሪፖርቱን አስረክቡ። «ለምን ታለፈ?» ሲባል መልሱ ከእናንተ ጭንቅላት ውጭ መገኘት አለበት።

ፕሮግራሙ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፤ በተለይ መንገድ 3 እና 4 ላይ።

ኪካድ ነጻ ነው። ዣን ፒየር ሻራስ የተባለ ፈረንሳዊ በ1992 የጀመረው ሲሆን በኋላ የአውሮፓ የኒውክሌር ምርምር ማዕከል ሰርንም ደግፎታል። አምስቱንም መንገዶች ይሰጣል። ከስሪት 8 ወዲህ ዲአርሲውን ፕሮግራሙን ሳትከፍቱ በትእዛዝ መስመር ማስኬድም ይቻላል፤ ፋይላቸውን በጊት (የፋይል ለውጥ መመዝገቢያ) ለሚይዙ ቡድኖች ጥሩ ነው። ድካሙ ያለው ደንቡን በጽሑፍ መጻፍ ላይ ነው። መጀመሪያ ግራ ያጋባል።

አልቲየም መንገድ 3 ላይ ከሁሉም ይመቻል። ደንቦቹን በቅደም ተከተል ትደረድራላችሁ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም በግልጽ ይታያል። ዋጋው ግን የድርጅት ዋጋ ነው፤ ለአንድ የሪሌ ቦርድ ሲባል አይታሰብም።

ኢዚኢዲኤ ከብራውዘር ይሠራል፣ ለጀማሪ ቀላል ነው። ትሬስ ስትስቡ ደንቡን ከጣሳችሁ እዚያው ያስቆማችኋል። ኢንተርኔቱ ሲቆራረጥ ነው አበሳው።

ኢግልን የለመዱ ብዙ ናቸው፤ ስህተቱን አጽድቅ የሚል ቁልፍ አለው፣ እሱም መንገድ 4 ነው። ነገር ግን ባለቤቱ አውቶዴስክ የኢግልን መጨረሻ በፈረንጆቹ ጁን 7 ቀን 2026 ብሎ ቆርጧል። አዲስ ፕሮጀክት በእሱ አትጀምሩ። የድሮውን ወደ ኪካድ ማስገባት ይቻላል፤ ያጸደቃችኋቸውን ስህተቶች ግን እንደ አዲስ አንድ በአንድ ለማየት ተዘጋጁ። እኔ አንድ የድሮ ቦርዴን ሳዛውር ካጸደቅኳቸው አስራ አራት ውስጥ ሁለቱ እውነተኛ ስህተት ሆነው ተገኙ።